የዋንዛው አልጋ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ስልኳን አነሣችና ለቤት አከራይዋ ደወለች። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ የአልጋው ርብራብ ተሰብሯል፣ ፍራሹም አልቋል፤ ይቀየርልኝ» አለች፣ በቃ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ አንድም ቃል አልተነሣም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበርና በእሷ ፈንታ አፍሬ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ሰውየው ይቆጣል፣ ቤቴን ልቀቂ ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ በማግስቱ ሁለት ወጠምሻ ልኮ አሮጌውን አስወጣና ቫርኒሹ ያልደረቀ አዲስ አልጋ አስገባላት። «እማማ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ሰውየው ቤት እህል ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ኧረ ቤቱ የት እንደሆነም አላውቅ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። 

መቱ ያኔ ይህቺ አልነበረችም። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ቁጥር ላይ ድሮም ሰነፍ ነኝ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ሰውም ከየጫካው ተሰብስቦ ቤት መሥራት ከጀመረ በኋላ፣ ቆርቆሮ ክዳን ላለው ሰው እንደ ሹመኛ እጅ የሚነሣበት ዘመን ነበር። ትልልቆቹ ሹማምንት ጎሬ ነው የሚቀመጡት፤ መቱ ግን ቡናዋ ነበራት። የቡናው ወራት ሲደርስ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጭነት መኪና ጭቃው ውስጥ እየጮኸ ይመጣል፣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በገመድ ይጎትተዋል፣ ሲወጣም እልል ይባላል። ጨው ከጋምቤላ በኩል ይወጣል፣ ማር ከቡሬ በቅል ይመጣል። በስሙኒ የተገዛ ማር ቤተሰብ ወር ያከርም ነበር፤ አቡጀዲ ግን እንደ ሐር ይታይ ነበርና አሮጌው ቀሚስ ተገልብጦ ይሰፋል እንጂ አይጣልም። ገበያው ጥግ ላይ አንድ ግሪክ ነጋዴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግራሞፎኑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሸክላ ያስጮሃል። ቋንቋው የማን እንደሆነ አናውቅም፤ ዜማውን ግን ሴቶቹ ሁላችን ይዘነው እንስራ ተሸክመን ወደ ወንዝ ስንወርድ እናንጎራጉረው ነበር። ወንዱ ካኪ ሱሪ፣ ከላይ የወታደር ካፖርት፣ በእጁ ከዘራ። እኔ ባለ አበባ ሻሽ ነበረኝ፣ ለሠርጌ የተገዛልኝ፤ ለክት ብቻ ነበር የማስረው። ዛሬ ቦታው ባንክ ሆኗል፣ ግሪኩ የነበረበት። ስልክ የሚሸጡ ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረው ይውላሉ፣ ሙዚቃቸውም እንደ ግሪኩ ሙዚቃ ቋንቋው አይገባኝም።

ያልተለወጠው ዝናቡ ብቻ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ እንደ ሌላው አገር ክረምት ጠብቆ አይመጣም፤ ትንሽ ፋታ ሰጥቶ ይመለሳል እንጂ። ጫማ አልጋ ሥር ካደረ ጠዋት ሻጋታ አብቅሎ ይገኛል። የምርጊቱ ግድግዳ ወዝ ያወጣል፣ ወለሉም ያልባል። ያኔ ወለል ማለት አፈር ነው፤ እበት እየለቀለቅን ጉዝጓዝ እንበትንበታለን፣ ጉዝጓዙ ግን ሳይነጋ ይበሰብሳል። መሬት ላይ የተኛ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚነሣ። ስለዚህ በዚያ አገር አልጋ ማለት ጌጥ አይደለም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ባሌ ደምሴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ትንሽ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ ጥቁር ጃንጥላውን ከኋላው ተክሎ ይውላል። መሬቱን የተቀማ፣ ሚስቱ የሸሸችበት፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይሰማ ነበርና ባላገሩ በኦሮምኛ እያለቀሰ የነገረውን እሱ በአማርኛ አሳምሮ ያወርደዋል። ደምሴ የጻፈው አቤቱታ ዳኛ ያስለቅሳል ይባል ነበር፤ አንድ ጊዜ ለባለጉዳይዋ መልሶ ሲያነብላት ሰምቼ እኔም አልቅሻለሁ። ለሰው ጉዳይ አንበሳ ነበር። ለራሱ ጉዳይ ግን ምላሱ ከአፉ ይጠፋል። ገበያ ሄዶ መልስ ቢጎድልበት ዝም ብሎ ይመጣል፤ ወጡ ጨው ቢበዛበትም ውኃ እየጠጣ ይጨርሰዋል እንጂ አይናገርም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ስለው ይስቃል። ሳቁ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። በዚያ ሳቅ ብዙ ነገር አልፌለታለሁ። ያኔ ሚስት ባሏን አንቱ ነው የምትለው፤ እኔ ግን ሰው በሌለበት ደምስዬ እለው ነበር።

የተከራየነው የግራዝማች ኦላናን ቤት ነው። ግራዝማች ረጅም፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ በአርበኝነቱ ዘመን በዱር የከረሙ፣ ከመቱ እስከ ኡካ ስማቸው የሚታወቅ ሰው ነበሩ። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ የእሳቸው ቤት ከላይ፣ የእኛ ከታች፣ መካከላችን የሙዝና የቡና ተክል። ያኔ ቤት የሚከራየው ከነዕቃው ነው። እኛም ስንገባ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ አልጋ ተረከብን። አልጋው የግራዝማች አባት አልጋ ነበር። ወርዱ ሰፊ፣ መቃኑ ወፍራም፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር የተወጠረበት፤ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ስለተሠራ በበሩ አይወጣም። ግራዝማች ያስረከቡን ቀን ደጁ ላይ ቆመው «አባቴ ነፍሱን የሰጠው በዚህ አልጋ ነው፣ ልጆቼ፤ ተባርኮ ይሁንላችሁ» አሉን። ደጁ ላይ ቆመው ማለቴን ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ባልና ሚስት የሚተኙበትን ክፍል አከራይ ገብቶ አያይም፣ ነውር ነው። ከእኛ በፊትም ባለትዳሮች ተከራይተውት ስለነበር፣ አልጋው ያኔ ምን እንደሚመስል እሳቸው የሚያውቁት በልጅነታቸው ካዩት ነው።

አልጋው አልቆለት ነበር። ጠፍሩ በርጥበት በስብሶ መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ሰጥሟል፤ ሁለታችን ስንተኛ ሳንፈልግ እንጋጫለን። መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። አዲስ ሙሽሮች ነበርን፣ መጋጨቱም አልከፋንም። ከዚያ ጠፍሩ አንድ በአንድ ይበጠስ ጀመር። ደምሴ በቃጫ ገመድ ይቀጥለዋል፣ ገመዱም ይላላል። እግሩን ምስጥ በላው፤ ድንጋይ ደገፍንለት። ታዲያ ለምን የራሳችሁን አልጋ አልገዛችሁም ትሉኝ ይሆናል። የያኔውን ሰው አታውቁትም። በሰው ቤት ውስጥ የራስን አልጋ ማስገባት ባለቤቱን «ቤትህ ባዶ ነው» ማለት ነው፤ ያውም የአባቱን አልጋ ፈልጦ አውጥቶ። አከራይ ካላዘዘ በቀር በርጩማ እንኳ ከቦታው አይነሣም ነበር።

ደምሴ ማሳል የጀመረው እዚያ ቤት በገባን በሁለተኛው ክረምት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ዳማከሴ አጠጣሁት። ከዚያ ምሽት ምሽት ላብ ያጠምቀው ጀመር፣ ኮቱም እየሰፋበት ሄደ። ጎሬ ወጥቶ ሐኪም ታየ። ሲመለስ መድኃኒቱን አሳየኝና ሐኪሙ ያለውን ነገረኝ፤ ሳንባው ተነክቷል፣ ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ወገቡ ሳይጎብጥ ይተኛ፣ ያለዚያ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም። የሐኪሙን ቃል እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። እኔም ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። «በል እንግዲህ፣ እሁድ ግራዝማች ዘንድ ትሄድና ስለ አልጋው ትነግራቸዋለህ» አልኩት። «እሺ» አለ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደ። ገና የሙዙን ተክል ሳያልፍ ግራዝማች ከላይ ሆነው «ደምሴ! ኮቱ፣ ታኢ!» ብለው ሲጠሩት፣ ና ተቀመጥ ሲሉት፣ እኔ ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ። አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ጠጅ ጠጅ ይሸታል፣ ፊቱ በራ ብሏል። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በልተዋል፣ ስለ ዱሩ ዘመን ተጫውተዋል።

«አልጋውስ?» አልኩት።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እሺ አሉ። ቡናው ይሸጥ አሉ።»

ቡናው ተሸጠ። ደምሴ በየእሁዱ ይሄዳል፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል፣ እኔም እጠይቃለሁ። እያንዳንዷ እሁድ አንድ ነገር ትጨምር ጀመር። አንድ እሁድ አልጋው የሚሠራው ከዋንዛ እንደሆነ ነገረኝ፤ ዋንዛ ምስጥ አይደፍረውም ብለዋል ግራዝማች። ሌላ እሁድ እንጨቱ ከቡሬ መንገድ ካለው ርስታቸው ተቆርጦ እየደረቀ ነው አለኝ። እርጥብ እንጨት ስለሚጣመም መድረቅ አለበት ብለዋል። ቀጥሎ አናጢው ከጎሬ ይመጣል፤ ራስጌው ላይ አበባ ይቀረጽበታል፤ ጠፍሩ የወይፈን ቆዳ ይሆናል። እኔ ሞኝ ያን አልጋ ገና ሳላየው ወደድኩት። የት እንደማስቀምጠው፣ ራስጌው ከመስኮቱ ወዲህ እንደሚሆን፣ የሕፃኑን መኝታ በየት በኩል እንደማደርግ ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። ደምሴም ሳወራ ዓይኔን እያየ «አዎ፣ እንደሱ ይሻላል» ይለኛል። ያን ጊዜ ሳሉ እንኳ ትንሽ የሚተወው ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ አፋቸው እንደ ምላጭ፣ እጃቸው ግን ለጋስ። አንድ ቀን የደምሴን ሳል ከደጅ ሰምተው ገቡና «አንቺ አስካለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ እኮ። ይኼ ዋንዛ ሲደርቅ ባልሽም አብሮ ይደርቃል። ከጫካ ባላ አስቆርጪ፣ ርብራብ አድርጊና ቆጥ ሥሪለት፤ የኔ ባል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም» አሉኝ። ልቤ ተነሣ። ደምሴ ሲመጣ ነገርኩት። እንደዚያ ተቆጥቶ አላየሁትም። ሳሉ እያቋረጠው «ሰውየው አልጋ እያሠሩልኝ እኔ ቆጥ ላይ ልተኛ? ነገ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ቃላቸውን አላመነም አይሉም? በየእሁዱ ማዕዳቸው ላይ እየቀረብኩ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልሁን?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ቃል የገባን ሰው አስቀድሞ ቆጥ መሥራት፣ ቃልህ ውሸት ነው ብሎ ፊቱ ላይ መናገር ነበር። ለእትዬ በለጡ «ይቆይ» አልኳቸው። «ይቆይላችኋ» አሉ፣ ጠላቸውንም ለመጥመቅ ሄዱ።

እኔም አንድ ቀን ቆርጬ ወጣሁ። ሆዴ ገፍቷል፣ ዝናብ ያረገርጋል፤ የክት ሻሼን አስሬ ወደ ላይኛው ቤት ሄድኩ። ግራዝማች ርስት ወርደው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዲንቄ ደጅ ድረስ ወጥተው አቀፉኝ፣ እርጥብ ነጠላዬን ገፍፈው የራሳቸውን ደረብ አደረጉልኝ፤ ጎደሬ በቅቤ አቀረቡልኝ፣ በእጃቸው አጎረሱኝ። «ውይ ልጄ፣ ምነው ከሳሽ? ለምን ቀደም ብለሽ አልመጣሽም?» ይሉኛል። እኔም አፌ እስኪሞላ እየጎረስኩ ቃሉን አዘጋጃለሁ። አሁን እላለሁ፣ ይህን ጉርሻ ልዋጥና እላለሁ እያልኩ ሌላ ጉርሻ ይመጣል። ደግሞስ ምን ልል ነው? ባሌ በየእሁዱ እየጠየቀ፣ ባላቸው በየእሁዱ እሺ እያሉ፣ እኔ ደግሞ ከኋላ መጥቼ ብነዘንዝ ደምሴን ማዋረድ አይሆንም? ስወጣ ለሳሉ ብለው አንድ ቅል ነጭ ማር አስያዙኝ። «ገላቶማ» ብዬ አመስግኜ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስኩ። ማሩን ደምሴ ፊት አስቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀኝም።

ከዚያ የነበረውን ክረምት ማንሣት አልወድም። የአልጋው መቃን በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ፍራሻችንን፣ ያም የጭድ ነው፣ መሬት ላይ አነጠፍን። ሥሩ ሰሌን አደረግሁበት፣ ሰሌኑ በሁለት ሌሊት ጠቆረ። የአልጋው ስብርባሪ ግን ክፍሉ ውስጥ እንደቆመ ነበር፤ የሰው ንብረት ነውና ማገዶ አናደርገው፣ በበሩም አይወጣ። እኛ ከሥሩ እንተኛለን፣ በዚያው ዓመት የወለድኩትን ልጅ በእኔ በኩል አቅፌ። ደምሴ ደም መትፋት ሲጀምር ከእኔ ይደብቅ ነበር፣ እኔም ያየሁትን ከእሱ እደብቃለሁ። ሾላው ሥር መውጣቱን ተወ፤ ባለጉዳዮቹ ቤት ድረስ እየመጡ ደጁ ላይ ተቀምጠው ችግራቸውን ሲነግሩት እሱ ጋቢ ተከናንቦ ጉልበቱ ላይ ይጽፋል። የመጨረሻዋን እሁድ እንኳ ከዘራውን ተደግፎ ወደ ላይኛው ቤት ሄዷል። ሲመለስ ትንፋሽ አጥሮት በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ለመስቀል ይደርሳል አሉ» አለ።

ለመስቀል አልደረሰም፣ እሱም አልደረሰም። አደይ ገና ሳይፈነዳ፣ አንድ ጠዋት ከዝናቡ ጋር ሄደ። ጭንቅላቱ ክንዴ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሰሌን እርጥብ ነበር። ሌላውን አልነግራችሁም።

ለቅሶው ሲሰማ ግራዝማች ባዶ እግራቸውን ሮጠው መጡ። ሬሳው ባለበት ክፍል ነውር የለምና ገቡ። ያንን ክፍል ከተከራየነው ወዲህ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። በሰሌኑ ላይ የተጋደመውን ደምሴን አዩ፣ ቀና ብለው ደግሞ የአባታቸውን አልጋ አዩ። መቃኑን በእጃቸው ነኩት፣ እጃቸው ላይ ዱቄት ሆኖ ወደቀ።  ወጥተው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ አራት ሰዎች የብረት አልጋ ተሸክመው መጡ፤ ጉልላቱ ነሐስ፣ ራስጌው በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ግሪኩ ነጋዴ በጋምቤላ በኩል ያስመጣላቸው፣ የራሳቸውና የእትዬ ዲንቄ መኝታ ነበር። ያኔ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአልጋ ነው፤ ከአንድ ግቢ ሬሳ በምን አልጋ እንደወጣ አገር ሁሉ ያያል፣ ያወራል። ደምሴን ገንዘን በዚያ አልጋ ላይ አጋደምነው። አልጋው አልጎበጠም፣ ድምፅም አላሰማም። ቀጥ ብሎ ተኛ።

እኔ ያን አልጋ ሳይ ደረቴ ውስጥ የነበረው ሐዘን ወደ እልህ ዞረ። ጠዋት ታዝዞ ጠዋት የሚመጣ አልጋ ነበራቸው ማለት ነው። ሬሳው ከግቢ ሲወጣ እትዬ በለጡ ሙሾ አወረዱ፤ ድምፃቸው ጉልህ ነበር፣ መንደሩ ሁሉ ተቀበላቸው፤

ሲለምን ሲማጠን በክረምት በበጋ፣
ዛሬ ገና ደላው ተኛ በአዲስ አልጋ።

ሰው ሁሉ ወደ ግራዝማች ዞረ። አልጋውን ከፊት በኩል ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። አንገታቸውን አቀረቀሩ፣ ትከሻ አልቀየሩም፣ ሌላ ሰው ልቀበልዎ ቢላቸው እንቢ ብለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እሳቸው ተሸከሙት። እኔ አንጀቴ ራሰ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ቀን ያገኘሁት መጽናኛ ያች ሙሾ ብቻ ነበረች። ከተማውም ያዛት። ልጆች ውኃ ሲቀዱ ይሏታል፣ አዝማሪ ጠጅ ቤት ይላታል፤ ግራዝማች በገበያ ሲያልፉ ሰው ዝም ይልና ካለፉ በኋላ ያነሣታል።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ድንኳኑ ሲፈርስና ሰው ሲሳሳ፣ ግራዝማች ብቻቸውን መጡ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ትልቁ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«አስካለ፣ ልጄ፣ በሰው ፊት አልጠይቅሽም ብዬ ነው የቆየሁት» አሉኝ። «አልጋው እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገራችሁኝም?»

ደሜ ፈላ። «ደምሴ በየእሁዱ አልነገረዎትም? እርስዎስ እሺ አላሉትም?»

በርጩማውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «በየእሁዱ መጥቷል፣ እውነት ነው። እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ የዱሩን ጨዋታ አጫውተዋለሁ። አንዳንዴ ከበር ላይ ተመልሶ የሚናገረው ያለው ይመስላል። ምነው ስለው፣ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ስለ አልጋ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዋቃ ምስክሬ ነው።»

«ከቡሬ የተቆረጠው ዋንዛስ? እንዲደርቅ ያስቀመጡት?»

«የምን ዋንዛ፣ ልጄ?» አሉ።

የጎሬውን አናጢ አልጠየቅኋቸውም። ስለ ራስጌው አበባም አልጠየቅሁ። ፊታቸውን እያየሁ፣ ደምሴ በየእሁዱ ከዚያ ከሙዙ ተክል ወዲህ ቆሞ ለእኔ የሚነግረኝን ሲያሰላስል ታየኝ። ለሰው ሁሉ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው፣ ለእኔ የጻፈልኝ ያን ነበር። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፣ ሞቶ ሳለ ጠላሁት፤ አሁንም ድረስ፣ ሙት ዓመቱን ባወጣሁለት ቁጥር፣ ናፍቆቱና ጥላቻው አብረው ነው የሚመጡብኝ።

ግራዝማች መልስ ይጠብቁ ነበር። አልነገረዎትም ነበር ብል ባሌን ውሸታም አደርገዋለሁ። ነግሮዎታል ብል እሳቸውን። እሳቸውም ይህን ያወቁ መሰለኝ፤ ያችን ሙሾ እስከ ሞቱ ድረስ ሰሟት፣ አንድ ቀን እንኳ «ሰውየው አልጠየቀኝም» ብለው ለሰው አልተናገሩም። ያን ዕለት ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ተነሣሁና ጎረቤት ካመጣው እህል አቀረብኩላቸው፣ እጃቸውን አስታጠብኩ።

«ይብሉ እንጂ፣ ግራዝማች» አልኳቸው።

በሉ። እኔም ሌላ ምንም አላልኩም።